ቢሄቭ ወይስ ፓይቴስት-ቢዲዲ? ለተርሚናል ማስታወሻ ደብተር የትኛው ይረክሳል?

«ቢሄቭን ልያዝ ወይስ ፓይቴስት-ቢዲዲን?» ጓደኞቼ ይህን ጥያቄ እየተፈራረቁ ይጠይቁኛል። ሁለቱም የፓይተን ፕሮግራም በትክክል መሥራቱን የሚፈትኑ መሣሪያዎች ናቸው። ጠያቂዎቹ ይመሳሰላሉ። በፓይተን የተርሚናል ፕሮግራም ጽፈዋል፤ ብዙ ጊዜ የዕለት ማስታወሻ መያዣ ነው። ሰዎች መጠቀም ጀምረዋል። አሁን አንዱን ቦታ ሲነኩ ሌላው ይሰበርባቸዋል። ለእያንዳንዱ በየግሉ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

መልሴ ፓይቴስት-ቢዲዲ ነው። ምክንያቴ ደግሞ ዋጋ ነው።

ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። ቢሄቭ በቢኤስዲ፣ ፓይቴስት-ቢዲዲ በኤምአይቲ ፈቃድ ነው የተለቀቁት። ስለዚህ ብዙ ሰው «ዋጋቸው እኩል ነው፤ የቀለለኝን ልያዝ» ይላል። የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። የቴስት መሣሪያ ዋጋው የሚከፈለው ከተጫነ በኋላ ነው። ቴስቱ ለምን እንደወደቀ ስትፈልጉ በምታጠፉት ሰዓት ይከፈላል። ኮዱ በተለወጠ ቁጥር ቴስቱን ራሱ በሚያስኬደው ማሽን፣ በሲአይ ሰርቨር ላይ በሚቆጠረው ደቂቃ ይከፈላል። ከድሮ ትምህርት የተቀዳ ኮድ ስትጠግኑ በሚያልፈው ምሽት ይከፈላል። ይህን ሁሉ ስደምር ቢሄቭ ይወደድብኛል።

ቢዲዲ ምን እንደሆነ በአጭሩ። ዳን ኖርዝ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2006 በጽሑፍ አስተዋወቀው። በ2008 ኩከምበር የሚባለው መሣሪያ መጣና ገርኪን የሚባለውን አጻጻፍ አስለመደ። ፕሮግራሙ ምን ማድረግ እንዳለበት ሰው በሚያነበው ቋንቋ ትጽፋላችሁ፤ እያንዳንዱ መስመር ከኋላው የፓይተን ኮድ አለው፤ ያ ኮድ ስቴፕ ይባላል። ገርኪን የአማርኛ ቁልፍ ቃላትም ስላሉት አንድ ሁናቴ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ሁናቴ: የትናንት ማስታወሻ በትናንት ቀን ይመዘገባል
የተሰጠ ባዶ ማስታወሻ ደብተር
እና ሰዓቱ «2024-03-01 00:05» ነው
መቼ ተጠቃሚው «ትናንት፦ ዝናብ ነበር።» ብሎ ሲጽፍ
ከዚያ ደብተሩ ውስጥ «2024-02-29» የሚል ቀን ይገኛል

ይህችን ሁናቴ በደንብ እዩዋት። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት አምስት ደቂቃ ያለፈ ነው። ቀኑ ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 ካለው ዓመት ነው። ማስታወሻ ደብተር ቀን ከሳተ ምንም አይረባም፤ ስለዚህ ሁለቱን አስቸጋሪ ድንበሮች በአንድ ምት ይዛለች። ኮድ የማይጽፍ ሰውም አንብቦ «አዎ፣ እንዲህ ነው የምፈልገው» ሊል ይችላል። ለቢዲዲ የሚከፈለው ሁሉ ለዚህ ነው። ፋይሉን የሚያነብ ሌላ ሰው ከሌለ ሁለቱንም ተዉና በተለመደው የፓይተን መፈተኛ፣ በተራ ፓይቴስት ጻፉ፤ ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የመጀመሪያው ወጪ የሁለት ሥርዓት ወጪ ነው። ቢሄቭ የራሱ ማስኬጃ አለው። ቀኑን የሚያነበውን ፈንክሽን ለብቻው የሚፈትኑ ተራ ቴስቶቻችሁ ደግሞ ፓይቴስት ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለት ትዕዛዝ፣ ሁለት ቅንብር፣ ሁለት ሪፖርት ትይዛላችሁ። ኮዱ ምን ያህል በቴስት እንደተሸፈነ ለማወቅም የሁለቱን ውጤት ማጣመር አለባችሁ። ለአንድ በር ሁለት ቁልፍ ይዞ እንደመዞር ነው። ፓይቴስት-ቢዲዲ የፓይቴስት ተቀጥላ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ትዕዛዝ ያልቃል።

ሁለተኛው ወጪ የጥገና ነው፤ ትልቁም እሱ ነው። ቢሄቭ ላይ ስቴፖች መረጃ የሚቀባበሉት ኮንቴክስት በሚባል አንድ ዕቃ በኩል ነው። አንዱ ስቴፕ ውጤቱን እዚያ ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው ያነባል። መጀመሪያ ሲያዩት ደስ ይላል። ስቴፖቹ ሲበዙ ግን አንድ እሴት የት እንደተቀመጠ ለማወቅ ፋይሎቹን ሁሉ ማሰስ ይመጣል። ስሙን አንዲት ፊደል ብትስቱ የሚጮኸው ያነበበው ስቴፕ ነው፤ የሳተው ግን ሌላው ሊሆን ይችላል። ፓይቴስት-ቢዲዲ ላይ እያንዳንዱ ስቴፕ የሚፈልገውን ፊክስቸር (ለቴስቱ የሚያስፈልገውን አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ፈንክሽን) በስሙ ይጠራል። ስሙ ከተሳተ «እንዲህ የሚባል ፊክስቸር የለም» ብሎ ያሉትን ይዘረዝርላችኋል። ያው አንድ ስህተት ነው፤ አንዱ ጋ ግማሽ ሰዓት ይበላል፣ ሌላው ጋ ግማሽ ደቂቃ።

ኮንቴክስት ላይ በሁናቴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሁናቴው ሲያልቅ ይጸዳል፤ በዚህ ቢሄቭን አላማውም። የማይጸዳው ከውጭ ያለው ነው፦ የተጻፈ ፋይል፣ የተቀየረ የሲስተም ተለዋዋጭ፣ በማሽኑ የቁልፍ ማከማቻ ውስጥ የገባ የይለፍ ቃል። ማስታወሻ ደብተር ደግሞ ሥራው በሙሉ እዚያ ነው። ፋይል ይጽፋል፣ ቅንብር ያነባል፣ ይለፍ ቃል ያስቀምጣል። ፓይቴስት ለእያንዳንዱ ቴስት ለብቻው የሆነ ጊዜያዊ ፎልደር በአንድ ፊክስቸር ይሰጣችኋል። መንኪፓች በሚባለው ፊክስቸር የቀየራችሁትንም የሲስተም ተለዋዋጭ በመጨረሻ ራሱ ይመልሰዋል። ቢሄቭም ከ1.2.6 ጀምሮ ፊክስቸር አለው፤ ግን የፎልደሩንም የመመለሱንም ኮድ እናንተ ናችሁ የምትጽፉት። ይህ የማይረሳ ነገር ነው፦ ቴስቱ የቤት ፎልደራችሁን እንዲያይ ከተተወ የሚጽፈው በራሳችሁ እውነተኛ ደብተር ላይ ነው። የየትኛውንም መሣሪያ ቴስት ከማስኬዳችሁ በፊት የቅንብሩ መንገድ ወደ ጊዜያዊ ፎልደር መዞሩን አረጋግጡ።

ሦስተኛው የስህተት መልእክት ነው። ደብተሩ ሦስት መስመር ማሳየት ሲገባው ሁለት አሳየ እንበል። ቢሄቭ ላይ ተራ አሰርት («ይህ እውነት መሆን አለበት» የሚል የፓይተን መስመር) ከጻፋችሁ «አልተሳካም» ብሎ መስመሩን ያሳያችኋል፤ ልዩነቱን ግን አያሳይም። ፓይቴስት ግራና ቀኙን አስተያይቶ የጎደለውን መስመር ያመለክታል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። ፓይቴስት ይህን የሚያደርገው በቴስት ፋይሎች፣ የጋራ ፊክስቸሮች በሚቀመጡበት በኮንፍቴስት ፋይልና በተመዘገቡ ተቀጥላዎች ውስጥ ላለ አሰርት ብቻ ነው። ስቴፖቹን ሌላ ተራ ሞጁል ውስጥ አስቀምጣችሁ ዝም ብላችሁ ብትጠሩት ውብ የሆነው መልእክት ይጠፋል። ሞጁሉን አስቀድማችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ።

አራተኛው የሲአይ ደቂቃ ነው። ሂሳቡን እንሥራ። ፕሮግራሙ ለመነሳት ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። 400 ሁናቴዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ፕሮግራሙን 3 ጊዜ ይጠሩታል። ይህ 600 ሰከንድ ነው፤ 10 ደቂቃ፣ ለመነሳት ብቻ። ያንን በሦስት ኦፐሬቲንግ ሲስተምና በአራት የፓይተን ስሪት አባዙት፤ ለአንድ ለውጥ 120 ደቂቃ ይሆናል። የኮድ ማከማቻው ጊትሃብ ለግል ኮድ በነፃ ዕቅዱ በወር የሚሰጠው የሲአይ ጊዜ 2,000 ደቂቃ ነው። የማክ ማሽን ደቂቃ ደግሞ ለረጅም ጊዜ 10 እጥፍ ሲቆጠር ኖሯል። ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ገንዘቡ አያስጨንቅም፤ መጠበቁ ግን አይቀርም።

መፍትሔው ፕሮግራሙን በየጊዜው እንደ አዲስ ፕሮሰስ ከማስነሳት ይልቅ ዋናውን ፈንክሽን እዚያው ፓይተን ውስጥ መጥራት ነው። ይህን በሁለቱም መሣሪያዎች ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በላይ ግን ፓይቴስት ኤክስዲስት የሚባል ተቀጥላ አለው፤ ቴስቶቹን በማሽኑ ኮሮች ልክ ከፋፍሎ ያስኬዳል። ቢሄቭ ከራሱ ጋር የሚመጣ ትይዩ ማስኬጃ የለውም፤ የሌሎች ሰዎችን መጠቅለያ ፈልጋችሁ ትጨምራላችሁ። ያ መጠቅለያ ሲሰበር ጠጋኙ እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ቅጂዎቹ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። ኢንተርኔት ላይ «የተርሚናል ፕሮግራም ቴስት ስቴፖች» ተብለው የሚዞሩ ኮዶች አሉ። ከእጅ ወደ እጅ ሲቀዱ ኖረዋል። የመጀመሪያው ጉድለት ትዕዛዙን በባዶ ቦታ መቆራረጣቸው ነው። «ዛሬ ዝናብ ነበር» የሚለው በጥቅስ ውስጥ ያለ አንድ ሐረግ ሦስት ቃል ሆኖ ይበተናል፤ ጥቅሱም ከነምልክቱ ደብተሩ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ፓይተን ራሱ ሽሌክስ የሚባል ሞጁል አለው፤ ጥቅስን እንደ ተርሚናሉ አክብሮ ይቆርጣል። የቀዳችሁት ኮድ ያንን ካልተጠቀመ ጣሉት።

ሁለተኛው ጉድለት ይለፍ ቃል ነው። የተቀዳው ስቴፕ ፕሮግራሙን በሌላ ፕሮሰስ ያስነሳና ይለፍ ቃሉን በመደበኛው ግብዓት ይገፋለታል። ይለፍ ቃል የሚቀበለው የፓይተን ጌትፓስ ግን ሊኑክስና ማክ ላይ መጀመሪያ የሚከፍተው ተርሚናሉን ራሱን ነው። ስለዚህ ቴስቱ በእናንተ ላፕቶፕ ላይ ፍጥጥ ብሎ ይጠብቃችኋል። ተርሚናል የሌለው ሲአይ ሰርቨር ላይ ደግሞ ወደ መደበኛው ግብዓት ይመለስና ያልፋል። እቤት የሚቆም፣ ሰርቨር ላይ የሚያልፍ ቴስት ማግኘት ያበሳጫል። ጌትፓስን በፊክስቸር ተኩት፤ የቁልፍ ማከማቻውንም በሐሰተኛ ማከማቻ ተኩት።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ሰዓቱን የሚያቆም ፍሪዝገን የሚባል ጥቅል አለ፤ ጥሩ ነው። ግን የሚያቆመው በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ያለውን ሰዓት ብቻ ነው። ፕሮግራሙን በሌላ ፕሮሰስ ካስነሳችሁት እውነተኛውን ሰዓት ያያል። ከላይ ያለችው ሁናቴ ያኔ ትርጉም አይኖራትም።

አንድ የመስመር ስፋት ነገርም አለ። ደብተሩ ጽሑፍን በተርሚናሉ ስፋት የሚያጥፍ ከሆነ፣ ተርሚናል በሌለበት ፓይተን 80 ዓምድ ብሎ ይገምታል። የእናንተ መስኮት 120 ከሆነ ውጤቱ አይገጥምም። ስፋቱን በሁናቴው ውስጥ ግለጹት።

ፓይቴስት-ቢዲዲም የራሱ ዋጋ አለው፤ አልደብቅም። ስሪት ሲቀየር ይሰብራል። ከ4.0 በፊት የተጻፉ ትምህርቶች ስለ «የተሰጠ» ስቴፕ የሚያስተምሩት ዛሬ አይሠራም። ሠንጠረዥንና ረጅም ጽሑፍን ለስቴፕ በወጉ ማቀበል የተቻለው ከ8.0 ወዲህ ነው፤ ቢሄቭ ግን ይህን ከድሮም ይችላል። ያው 8.0 የገርኪንን ይፋዊ አንባቢ ስለያዘ በቸልታ የተጻፉ ፋይሎችን አይቀበልም። ስለዚህ የስሪቱን ቁጥር ቆልፉ፤ ከመማራችሁ በፊትም ትምህርቱ ለየትኛው ስሪት እንደተጻፈ እዩ።

ቢሄቭስ? የመጀመሪያው ቀን ላይ ይበልጣል። ያልተጻፈ ስቴፕ ሲያገኝ የኮዱን አጥንት ጽፎ ይሰጣችኋል፤ ለጀማሪ ትልቅ እርዳታ ነው። ያስከፋኝ ሌላ ነው። 1.2.6 እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፤ 1.3.0 የመጣው በ2025 ነው። በመካከሉ የተቸገረ ሰው ያልተለቀቀውን ስሪት በቀጥታ ከኮድ ማከማቻው ሲጭን ነው የኖረው። አሁን መነሳቱ ደስ ይለኛል፤ ግን ለዓመታት የምትጠግኑትን ነገር ስትመርጡ ያንን ዝምታ በሂሳብ አስገቡ። ሌተስ የሚባለውን ሌላ የፓይተን ቢዲዲ መሣሪያማ አትንኩት፤ ተትቷል።

ሩቢ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው አሩባ የሚባል የተርሚናል ፕሮግራም መፈተኛ አለ። እውነተኛውን ፕሮሰስ ያስነሳል፣ ፕሮግራሙ በምንም ቋንቋ ቢጻፍ ግድ የለውም። ግን ለፓይተን ፕሮግራም ብሎ ሩቢ መጫን ለእኔ ውድ ነው።

የኮድ መጻፊያም ዋጋ አለው። ፓይቻርም ላይ ከሁናቴው መስመር ወደ ስቴፑ የሚያዘልለው ድጋፍ ያለው በሚከፈልበት ስሪት ነው። ቪኤስ ኮድ የኩከምበር ማስፋፊያ በነፃ ያገኛል። ለአንድ ትንሽ ደብተር የሚከፈለውን አልመክርም።

ማየት የሚፈልግ ሰው ጀርናል (jrnl) የሚባለውን የተርሚናል ማስታወሻ ደብተር ኮድ ይክፈት፤ ክፍት ነው። ቴስቱ መጀመሪያ በቢሄቭ ነበር፤ በኋላ ወደ ፓይቴስት-ቢዲዲ አዛውረውታል። ሁናቴዎቹ የተጻፉባቸውን የፊቸር ፋይሎች አንብቡ። ትዕዛዙን የሚያስኬደው ስቴፕ፣ «አሁን ሰዓቱ ይህ ነው» የሚለውና ውጤቱን የሚያየው ደጋግመው ይመጣሉ። ጥቂት ስቴፖች፣ ብዙ ሁናቴዎች፤ የሚረክሰው አሠራር ይህ ነው።

ቢሄቭ ላይ ያላችሁ ሁሉንም በአንድ ቀን አታዛውሩ። የፊቸር ፋይሎቹ አብዛኛውን እንዳሉ ይቆያሉ፤ የሚለወጠው ከኋላቸው ያለው የፓይተን ኮድ ነው። አንድ ፋይል ምረጡ፤ እኔ የይለፍ ቃሉን ነው የማስቀድመው፣ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው እሱ ስለሆነ። እሱ ካለፈ የቀኑን ተከተሉ። ፓይቴስት ጭራሽ የሌለበት ፕሮጀክት ካላችሁና ሁናቴዎቹ ከሃምሳ የማይበልጡ ከሆነ ግን እዚያው ቢሄቭ ላይ ቆዩ፤ የማዛወሪያው ሰዓት አይመለስላችሁም።