በመድሃኒት ምጥ ማስጀመር ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስለወለድኩበት ሆስፒታል ያለኝ አስተያየት

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ሆስፒታል ነው የወለድኩት፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም ቅሬታዬ የአንድ ቦታ ችግር ብቻ አይመስለኝም። የመጀመሪያ ልጄ ነው። 41 ሳምንት ሞልቶኝ ምጥ የሚባል ነገር ስላልነበረ ዶክተሩ «ሰኞ ማታ ግቢ፣ በመድሃኒት እናስጀምርልሻለን» አለኝ፣ እኔም ባለቤቴም እማዬም የገባን አንድ ነገር ነው፣ ሰኞ ማታ መድሃኒት ማክሰኞ ጠዋት ልጅ። እማዬ እንደውም የገንፎውን ዱቄት ለማክሰኞ ብላ አዘጋጅታ ነበር። ልጄ የተወለደው ረቡዕ ረፋድ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ነው፣ ከመጀመሪያዋ ኪኒን ጀምራችሁ ብትቆጥሩ 38 ሰዓት ከ40 ደቂቃ።

ህክምናው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ ይሄን አስቀድሜ ልበል። ንጹህ ነው፣ የልጁን የልብ ምት ቶሎ ቶሎ ያዳምጣሉ፣ የምጥ መድሃኒቱ በደም ስር የሚንጠባጠብበት ግሉኮስ ከተጀመረ በኋላማ ሆዴ ላይ ቀበቶ አስረው ማሽኑ ላይ ነው የሚከታተሉት፣ ሲመረምሩኝም መጋረጃ ሳይዘጉ ነክተውኝ አያውቁም። ቅሬታዬ ያልተነገረኝ ነገር ላይ ነው።

ስገባ የማህፀን በሬ የተከፈተው 1 ሴንቲ ነበር። የማህፀን በሩን ዝግጁነት ቢሾፕ ስኮር በሚሉት ነጥብ ይለኩታል፣ ከ13 ነው፣ የኔ 3 ነበር፣ 6 እና ከዛ በታች ከሆነ ገና አልተዘጋጀም ማለት ስለሆነ መጀመሪያ ማለስለስ ያስፈልጋል። ይሄን ያወቅኩት ግን ማክሰኞ ሌሊት ነው። ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ በማህፀን የምትቀመጥ ትንሽ ኪኒን ሰጡኝ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሁለተኛ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሦስተኛ፣ በቃ ሆዴን ጨበጥ ለቀቅ ያደርገኛል እንጂ ምጥ የለም። ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ ሲያዩኝ 2 ሴንቲ። 18 ሰዓት ሙሉ ቆይቼ 1 ሴንቲ ብቻ ጨመርሽ ስባል ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ውጪ ደግሞ እማዬ «ልጄን ምን እያደረጓት ነው፣ ለምን ኦፕራሲዮን አያደርጉላትም» እያለች ባለቤቴን ቁም ስቅሉን ታሳየዋለች፣ እሱም የሚመልሰው የለውም።

ከዛ ባሉን የሚሉትን አስገቡ፣ ቀጭን ቱቦ ነው ጫፉ ላይ ውሃ ሞልተውት የማህፀን በሩን ቀስ እያለ የሚከፍት። ሲያስገቡት ደስ አይልም ግን ደቂቃዎች ናቸው። ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ራሱ ወጣ፣ 4 ሴንቲ ሆንኩ፣ 5 ሰዓት ላይ እንሽርት ውሃውን አፈሰሱትና ኦክሲቶሲን የሚሉትን የምጥ መድሃኒት በግሉኮስ ጀመሩልኝ።

የማታዋ ተረኛ አዋላጅ ናት እንግዲህ ሁሉን ነገር የቀየረችው። ጠብታውን አስተካክላ ልትሄድ ስትል «ሲስተር ለምንድነው እንዲህ የቆየብኝ፣ የሆነ ችግር አለ?» አልኳት፣ ተመልሳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «የአፍንጫሽን ጫፍ ንኪው የኔ ቆንጆ፣ ስትገቢ የማህፀን በርሽ እንደዚህ ጠንካራ ነበር፣ አሁን ከንፈርሽን ንኪው፣ እንደዚህ እስኪለሰልስ ነው እስካሁን የጠበቅነው፣ ያለፈው ሰዓት ዝግጅት ነው፣ ምጡ ገና አሁን ነው የሚጀምረው» አለችኝ። ነካሁት። ያኔ ነው ገባኝ። ዋናው ምጥ ከ5 ሴንቲ ጀምሮ እንደሚቆጠር፣ ከዛ በኋላ ያለው ለመጀመሪያ ልጅ ብዙ ጊዜ ከ12 ሰዓት እንደማያልፍ፣ ውሃው ፈሶ ግሉኮሱ ከተጀመረ በኋላም እኔና ልጁ ደህና እስከሆንን ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይጠብቁ አልሰራም ብለው ወደ ኦፕራሲዮን እንደማይቸኩሉ ነገረችኝ። ወጥታ ለእማዬም «እናቴ አይጨነቁ፣ በደንብ እየሄደች ነው» ብላ አስረዳቻት፣ እማዬ ከዛ በኋላ ማርያም ማርያም እያለች ተረጋግታ ነው ያደረችው።

እና እንዳለችውም ሌሊት 11 ሰዓት ላይ 5 ሴንቲ ሞላሁ፣ ከዛ እስክወልድ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀው፣ መግፋቱ 1 ሰዓት አካባቢ። የግሉኮሱ ምጥ ከባድ ነው አልዋሻችሁም፣ እረፍት ሳይሰጥ ነው የሚደራረበው፣ ማደንዘዣ ካላቸው ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ።

ጎረቤቴ ደግሞ እዛው ሆስፒታል ሁለተኛ ልጇን በመድሃኒት ነው የወለደችው፣ ስትገባ 3 ሴንቲ ስለነበረች ኪኒንም ባሉንም ሳያስፈልጋት በቀጥታ ግሉኮስ፣ በ9 ሰዓት ውስጥ ወለደች። ስለዚ የሰው ሰዓት አትቁጠሩ፣ ስንተኛ ልጅ እንደሆነና የማህፀን በሩ ስትገቡ ምን ላይ እንዳለ ነው የሚወስነው፣ «ነጥቤ ስንት ነው» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው ክፍያው። ፓኬጁ የአንድ ሌሊት ነው፣ የማክሰኞ ሌሊት አልጋ ለብቻው ተደመረብን፣ ቢነግሩን እኮ ተዘጋጅተን እንመጣ ነበር። ስወጣ ለአስተዳደሩ በጽሁፍም ሰጥቻለሁ፣ በመድሃኒት የምትወልድ እናት ስትገባ «ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል» በሏት፣ ለአስታማሚዋም ንገሩ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የምትገቡ ካላችሁ የሁለት ቀን ልብስ ያዙ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይምጣላችሁ፣ ኪኒኑ ላይ እያላችሁ ብሉ ተኙም፣ ግሉኮሱ ከተጀመረ በኋላ እኔን ፈሳሽ ብቻ ነው የፈቀዱልኝ።

ለህክምናው ከ5 5 እሰጣለሁ፣ ለማስረዳቱ 2፣ ሁለቱም የዛች አዋላጅ ናቸው። ሲስተርዬ ይሄን ካየሽው፣ ልጁ 3 ኪሎ ከ400 ነበር አይደል ስትመዝኝው፣ አሁን 3 ወሩ ነው፣ 6 ኪሎ ገብቷል።