ለአማኑኤል ሆስፒታሉ ነርስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ አልጽፍም። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። አዲስ አበባ በሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሱሰኞችን የሚያክም አንድ ወጣት ነርስ ታላቅ ወንድሜን ከአረቄ አስጥሎልናል። ዕድሜ ከጤና ይስጠው!

ከዚያ በፊት ያየነውን ፈጣሪ ያውቃል። ማገገሚያ ነን ያሉ ሰዎች ገንዘቡን አስቀድመው ተቀብለው ወንድሜን ክፍል ውስጥ ቆለፉበት፤ መጠጡንም ባንድ ጊዜ አስቆሙት። ብዙም ሳይቆይ ይንቀጠቀጥ፣ የሌለ ሰው ያናግር ጀመር፤ ከዚያ ጥሎት አረፋ ደፈቀ። ደውለው ያሉን ምን መሰላችሁ? «ሰይጣን አለበት፤ መጥታችሁ ውሰዱ።» ገንዘቡን ግን አልመለሱም።

ነርሱ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እንዲህ ሊጥለው፣ ሊገድለውም እንደሚችል እናቴን ቁጭ ብሎ አስረዳት። የመድኃኒቶቹን ስም አልያዝኩም፤ ቫይታሚን እንደነበረበት ብቻ ትዝ ይለኛል። የማልረሳው ወንድሜን «ጋሼ» ማለቱን ነው። ሰፈሩ «ሰካራሙ» ካለው ወዲህ ጋሼ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም።

ተኝቶ ታክሞ ወጣ፤ ደህናም ሰነበተ። ፋሲካ ላይ ዘመዶቻችን «ለበዓል አንዲት መለኪያ ምን ታደርጋለች?» አሉት። (እስካሁን ልቤ ይቅር አላላቸውም።) መለኪያዋ ጠርሙስ ሆነች። ከዚያ በኋላ አፍሮ ሆስፒታሉን አልረግጥም አለ። ከቀጠሮው ሲቀር ነርሱ ወደ እኔ ደወለ። «ለጋሼ ስጪልኝ» አለኝ፤ እኔም አጠገቡ ሆኜ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ካርድዎ አልተዘጋም። ይህ በሽታ ያገረሻል፤ ሲያገረሽ ነው ይበልጥ ወደ እኛ የሚመጣው። ነገ ጠዋት ይምጡ፤ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ።»

ጠበቀውም። ቁጣ የለ፣ ስብከት የለ፤ የደም ግፊቱን ለካው፣ ቁርስ መብላቱን ጠየቀው። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

ድኗል ብዬ አልምልም፤ ወንድሜም አይምልም። «ዛሬ አልጠጣሁም» ይላል፤ ከቀጠሮውም አይቀርም።

አማኑኤል መግባት እንደ ስድብ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ይቆጠር! ቤታችሁ በአረቄ ወይም በጫት የተያዘ ሰው ካለ ውሰዱት፤ እባካችሁ ውሰዱት። ሆስፒታሉ መርካቶ አካባቢ ነው። ካርድ ክፍል ስትደርሱ የሱስ ሕክምና ብላችሁ ጠይቁ፤ ወረፋ ስላለ በጠዋት ሂዱ። ነርሱ ደጋግሞ የነገረንን እኔም ልድገመው፦ ሐኪም እስኪያየው ድረስ ጠርሙሱን በጉልበት አትንጠቁት።