ጋሼ፣ ገለቶማ! (ጅማ ላይ ድሮን መማር ለምትፈልጉ ሁሉ)

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ዛሬ አንድ የቡና ነጋዴ ያነሳሁለትን ፎቶ አይቶ «ይሄን ማን አስተማረሽ?» ሲለኝ ግን ያስተማረኝን ጋሼን ሳላመሰግን ዝም ማለቱ ግፍ መሰለኝ።

ጅማ ውስጥ ሰርግና ፕሮግራም በማንሳት ነው የምተዳደረው። ስድስት ዓመቴ ነው። አሁን አሁን ደንበኛ ሲደውል ከዋጋ በፊት የሚጠይቀኝ «ድሮን አለሽ?» ብሎ ነው። የለኝም ካልኩ «እሺ፣ መልሰን እንደውላለን» ይላሉ። አይደውሉም።

ዕቁብ ሲደርሰኝ ብሩን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። የገባሁበትን ሱቅ ስሙን አልጠራም። ሻጩ «ይሄ የፕሮፌሽናል ነው፣ ፎር ኬ ነው» አለኝ። ካርቶኑ ላይም እንደዚያ ይላል። አመንኩት። ጅማ ገብቼ ሳስነሳው ምስሉ ጭስ የገባበት ይመስላል። ያለበትን ቦታ እያወቀ አየር ላይ እንዲረጋ የሚረዳው ጂፒኤስ የሚባል ነገር የለውም። ትንሽ ነፋስ ሲነካው ጭልጥ ብሎ ሄዶ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ወደቀ። ብደውል «ራስሽ ነሽ ያበላሸሽው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬንም ማንሳት ተዉ። የአንድ ዓመት ዕቁብ እኮ ነው!

ሁለተኛው ደግሞ ባሰ። «አሠለጥናለሁ» ለሚል ሰው የሦስት ቀን ከፈልኩ። ሁለቱን ቀን ሪሞቱን ራሱ ይዞ ሲያበር ቆሜ አየሁ። በሦስተኛው ቀን ሰጠኝና ገና ከመሬት ሳስነሳው «ተይ፣ ተይ! ይሄ የሴት ሥራ አይደለም» ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ። በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ እያለቀስኩ ነበር።

ጋሼን ያገኘሁት ያን የወደቀውን ድሮን ላስጠግን ብዬ ነው። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ስልክና ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ ከሥራው ጎን ደግሞ ድሮን ያበራል። ገልበጥ አድርጎ አየውና መለሰልኝ። «ልጄ፣ ይሄን ጠግኜ ገንዘብሽን አልበላም። መጫወቻ ነው። መማር ከፈለግሽ ግን በእኔ ተማሪ፤ እስክትችዪ ድረስ ምንም እንዳትገዢ» አለኝ። ያልገዛ ሰው አስተምራለሁ የሚል ሰው የት ይገኛል? ንገሩኝ እስቲ!

የእሱ ድሮን ሚኒ 2 የምትባለው ትንሿ ናት። ከ250 ግራም በታች ነው የምትመዝነው፣ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ከከተማ ወጣ ብለን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ርቀን፣ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ሜዳ ላይ እንለማመዳለን። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። አንድም ቀን ሪሞቱን ከእጄ አልወሰደም።

በአምስተኛው ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ድሮኗ ርቃ ሄዳለች። ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ግራና ቀኙ ተገለበጠብኝ። ወደ ቀኝ ስገፋ ወደ ግራ ትሄዳለች። ባሕር ዛፎቹ ደግሞ እየቀረቡ ነው። ሪሞቱ ባትሪ አነሰ ብሎ መጮህ ጀመረ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ «ጋሼ ያዙልኝ!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። በቀስታ «እጅሽን ልቀቂ» አለኝ። ልቀቂ? አውራ ጣቶቼን ከሪሞቱ ላይ አነሳሁ። ድሮኗ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ዝም ብላ ቆመች! «አየሽ? ስትጨነቂ ልቀቂያት፣ ራሷ ትቆማለች። አሁን ጅራቷን ወደ አንቺ አዙሪና ወደ ኋላ ሳቢ።» አዞርኩ፣ ሳብኩ፣ መጣች። እግሬ ሥር አሳረፍኳት። «ጎበዝ» ብሎ ቴርሞሱን ከፈተና ቡና ቀዳልኝ። ያቺን ስኒ ቡና እስክሞት አልረሳትም። ያ ሰው ሪሞቱን ነጥቆኝ ያጣሁትን ልብ፣ ጋሼ ባለመንጠቅ መለሰልኝ።

ስገዛም አብሮኝ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ድሮን አይደለም። «ምን ልታነሺበት ነው?» አለኝ። ሰርግ፣ ያውም አመሻሽ ላይ፣ አንዳንዴም ትልቅ ሆኖ የሚታተም ስለው ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) አንድ ኢንች የሆነውን፣ ኤር 2 ኤስ የሚባለውን ድሮን ፈልጊ አለኝ። ያገለገለ ሦስት አስመጥተን አየን። ባትሪውን አየ፣ ካሜራውን አነቃነቀ፣ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር አነበበ። ምን እንዳየ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሁለቱን መልሶ «ይቺን ውሰጂ» አለኝ። ወሰድኩ። እስካሁን አላሳፈረችኝም።

አንድ ነገር ግን ያከራል። ያለ ፈቃድ አያበርም፣ አያስበርርም። ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ከኢንሳ (ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱ የራሱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ከባትሪዎቹ ጋር ነው የሚይዘው። የእኔን ማመልከቻ ቁጭ ብሎ አብሮኝ ጻፈ፣ «ደብዳቤሽ ላይ የት፣ መቼ፣ ለምን የሚለውን ግልጽ አድርጊ» እያለ። የፈቃዱን ነገር ሱቁም ሆነ ያ አሠልጣኝ አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም ነበር። ደግሞ ሰርግ ላይ ሰው አናት ላይ እንዳላበር፣ ድሮኗን ከማስነሳቴ በፊት የመመለሻውን ከፍታ (ራሷ ስትመለስ የምትበርበትን) ከዛፉ በላይ እንዳደርግ፣ ደመና ሲጠቁር እንዳወርድ የነገረኝ እሱ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሳይነግር ነው የሚመጣው።

ዛሬ ነጋዴው ያየው ፎቶ የቡና ማስጫ አልጋዎች ናቸው። ከላይ ሲታይ አንዱ አልጋ ደም የመሰለ እሸት፣ ቀጥሎ ያለው ቡናማ፣ ዳር ላይ ያሉት የጠቆረ ጀንፈል። በመካከሉ ቡናውን እያገላበጡ የሚሄዱ ሴቶች ነጠላ ብቻ ይታያል። ማታ ለአባቴ አሳየሁት። ቀጥሎ የከተማውን ፎቶ ስከፍትለት መነጽሩን አደረገና በጣቱ ቆርቆሮ በቆርቆሮ መፈለግ ጀመረ። ማንጎ ዛፋችንን ሲያገኝ «ይሄውና ቤታችን!» ብሎ እናቴን ጠራት።

ጋሼ ስሜን አታውጪ ስላለኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። ድሮን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እሱን አናግሩት። በተለይ እህቶቼ፣ «አትችዪም» ያሏችሁ ካሉ ሂዱለት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን እጠቁማችኋለሁ። አርብ ከሰዓት በኋላ ብቻ አትሂዱ፣ ጁምዓ ስለሆነ አታገኙትም። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ገለቶማ!