የአማካሪ ድርጅት አገልግሎት ግምገማ፦ ደካማው የአማራጮች ምዕራፍ

በምዕራብ ኢትዮጵያ ለምናካሂደው የወርቅ ማዕድን ልማት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ጥናቱን ያሠራነው አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አማካሪ ድርጅት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የሚጠይቀውን ሰነድ በውሉ ቀን አስረክቦናል፤ ካርታዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፣ የውሃና የአፈር ናሙና አወሳሰዱም የሚነቀፍ አይደለም።

ቅር ያሰኘኝ የአማራጮች ምዕራፍ ነው። ለዝቃጭ ማጠራቀሚያው (ዝቃጭ ማለት ወርቁ ከተለየ በኋላ የሚቀረው የተፈጨ ድንጋይና ውሃ ነው) ሦስት ቦታዎች በሠንጠረዥ ተነጻጽረዋል፤ ሆኖም ሁለቱ ወንዝ ዳር በመሆናቸው ከጅምሩ ሊመረጡ የማይችሉ ስለነበሩ፣ ንጽጽሩ አስቀድሞ ለተወሰነው ቦታ የተሰናዳ አጃቢ ይመስላል። ወርቁን ለመለየት የሚያገለግለው መርዛማው ሳይናይድ የነካውን ዝቃጭ ውሃውን በማጣሪያ ጨምቆ ደረቁን መከመር ስለሚቻልበት ዘዴ አንድም መስመር አልተጻፈም። ዘዴው ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በጥር 2011 ዓ.ም. በብራዚል ብሩማዲንዮ የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 270 ያህል ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ዋጋውን እንኳ ሳያሰሉ ማለፍ ከባለሙያ አይጠበቅም። «ፕሮጀክቱ ባይካሄድስ» የሚለው አማራጭ ደግሞ በአራት መስመር ተዘግቷል፤ በዚያው ወንዝ ወርቅ በገበቴ የሚያጥቡት ሴቶች ገቢ አልተጠቀሰም፤ ለመስክ ጉብኝት በሄድን ጊዜ ግን ቡና የጠጣነው ከእነርሱ ጋር ነበር።

ቅሬታችንን በጽሑፍ ስናቀርብ ቡድን መሪው ሳያንገራግሩ ምዕራፉን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና ጽፈው ልከዋል፤ በአዲሱ ሠንጠረዥ የደረቅ ክምችቱ ወጪ ከዝቃጭ ማጠራቀሚያው ግድብ የግንባታና የመዝጊያ ወጪ ጎን ተቀምጧል። ለመስክ ሥራ ደግሜ እቀጥራቸዋለሁ፤ የሚጠኑትን አማራጮች ዝርዝር ግን ከውሉ ጋር አያይዤ ነው።