ማርቆስ ላይ ልጁን ቦክስ ማስተማር ለሚፈልግ ሁሉ

ታናሽ ወንድሜን ስለሚያሰለጥነው ሰው ሳልጽፍ ብቀር ቅር ይለኛል። ስሜ አይጠራ ስላለ አልጠራውም። የደብረ ማርቆስ ቦክሰኞች ግን ኮች ስል ማንን እንደሆነ ያውቁታል።

አባታችን በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበር። አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ተጠግቶ ሆድና ጎን የሚመታ። ወንድሜ ደግሞ በእናታችን ወጥቶ መለሎ ነው፣ ግራኝም ነው። ቦክስ ጀመረ ሲባል ግን ሰፈሩ የጠበቀው አባቱን ነው። "የማን ልጅ ነህ! ግባበት እንጂ!" ይሉታል። እሱም ይገባና ተመትቶ ይመጣል።

ኮች ራሱ የቦክሰኛ ልጅ ስለሆነ ነገሩ ቶሎ ገባው። ቤት ድረስ መጥቶ፣ ቡና እየጠጣ፣ ልጁ በአባቱ ስልት ሳይሆን በራሱ ቁመትና እጅ መጫወት እንዳለበት ለአባዬ በትህትና አስረዳው። የቀድሞው የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የጆ ፍሬዘር ልጅ ማርቪስ፣ ያን የሚያህል አባት እያሰለጠነው፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ማይክ ታይሰን በ30 ሰከንድ እንደዘረረው ነገረው። የዩክሬኑ ቦክሰኛ የሎማቼንኮ አባትም አሰልጣኙ ነበር፤ እሱ ግን ልጁን በልጅነቱ ከቦክስ አውጥቶ የአገራቸውን ባህላዊ ውዝዋዜ አስተማረው፣ ልጁም በዚያ እግሩ በ2008 እና በ2012 እ.ኤ.አ. የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። አባዬ ዝም ብሎ ሰማና "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፣ ልጁ ያንተም ነው" አለው። ከአባዬ አፍ ይህ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም!

አሁን ወንድሜ ቀኙን አስቀድሞ በጃብ፣ ማለትም በፊተኛው እጅ በሚሰነዘር ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ፣ ያርቃል፣ ሲገቡበት ወደ ጎን ይወጣል፣ በግራው ይመልሳል። ባለፈው ውድድር ሦስቱንም ዙር እንዲህ ተጫውቶ በነጥብ አሸነፈ። አባዬ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ።

ለእናቶች ደግሞ ይቺን ልንገራችሁ። አንድ ቀን በልምምድ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ትንሽ ሲያዞረው፣ ኮች ወዲያው አስቁሞ ራሱ ሐኪም ቤት ወሰደው፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስም ጓንት አላስነካውም። ልጁ ቢያለቅስም ቢለምንም በጄ አላለም። ክብደት ቀንሱ ብሎ ውሃ የሚከለክልም አይደለም። በአቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ከባዱን ልምምድ ወደ ማታ ያዞርላቸዋል፣ በልተው እንዲተኙ። ጠዋት ገመድ ዝላይና ቀለል ያለ ሩጫ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ደግሞ በዚያ ቀን ልምምድ የለውም። ይሄን ይሄን ሲያደርግ አንድም ቀን ውለታ ሲቆጥር አልሰማሁም።

ኮች፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ወንድሜን በራሱ ቁመትና በራሱ እጅ እንዲጫወት አድርገህልናል።

ልጃችሁን ማስመዝገብ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን አሳያችኋለሁ። ውጭ አገር ያላችሁ የማርቆስ ልጆች ደግሞ ለልምምድ የሚሆን ባለ 14 ወይም ባለ 16 አውንስ ጓንት፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ካላችሁ ላኩላቸው። አንዱን ጓንት እየተቀባበሉ ነው የሚሠሩት።