የጥር ብር የት ይቀመጥ? የጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ ተራ ቁጠባ ወይስ ጎተራ

ጥር ላይ የደብረ ማርቆስ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበያ ይደራል። ጤፉ ተወቅቶ፣ በቆሎው ተፈልፍሎ፣ በርበሬው ተሽጦ እጅ ላይ ብር ይገባል። ያኔ ጥያቄው ይመጣል፦ ብሩ ቁጠባ ደብተር ላይ ይቀመጥ፣ በጊዜ ገደብ ይታሰር ወይስ እህሉ ጭራሽ አይሸጥ?

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ማለት ብሩን ለተወሰኑ ወራት ወይም ዓመታት ላይነኩ ከባንክ ጋር መዋዋል ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች «ሲዲ» የሚሉት ይህንኑ ዓይነት ነው። ባንኩ ብሩ በድንገት እንደማይወጣበት ስለሚያውቅ ከተራ ቁጠባ የተሻለ ወለድ ይከፍላል። ተራ ቁጠባ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛ ወለዱ 7 በመቶ ነው። የጊዜ ገደቡ ወለድ ግን በድርድር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ መስኮት ላይ የነገሩትን ተቀብሎ ይፈርማል። ብሩ ጠርቀም ያለ ከሆነ ሥራ አስኪያጁን ማነጋገር ነው። ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቆ ማወዳደርም አያሳፍርም።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። 100,000 ብር አለዎት፤ ባንኩ ለሦስት ወር 12 በመቶ እከፍላለሁ አለዎት እንበል። 12,000 ብር የሚያገኙ ከመሰለዎት ተሸውደዋል። 12 በመቶው የዓመት ነው፤ የሦስት ወሩ ድርሻ 3,000 ብር ይሆናል። ያው ብር በ7 በመቶ ተራ ቁጠባ ቢቀመጥ 1,750 ብር ይወልዳል። ልዩነቱ 1,250 ብር ብቻ ነው፤ ከሁለቱም ላይ የወለድ ግብር ይቆረጣል።

ለዚህች ልዩነት ብሎ የማዳበሪያ ብር ማሰር ለእኔ አይዋጥልኝም። የክረምቱ ዝግጅት ሲደርስ ውሉን ካፈረሱ፣ እንደ ውሉ፣ ወለዱ ወደ ተራ ቁጠባ ይወርዳል ወይም ጭራሽ ይቀራል። ደግሞ የእኛ አገር የሰሞኑ ነገር ይታወቃል። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሰው ይታመማል። ስለዚህ ቶሎ የሚፈለገው ብር ደብተር ላይ፣ ጥቂቱም እጅ ላይ ይሁን። እስከሚቀጥለው ምርት የማይነካው ትርፍ ብር ግን በዓመት ገደብ ቢታሰር ያዋጣል፤ የ5,000 ብር ልዩነት የሚታየው ያኔ ነው።

ጎተራስ? እዚህ ላይ እህሉ ራሱ ይወስናል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደረቅ ቦታ ካለዎት እስከ ክረምት ማቆየት ከባንክ ወለድ ሊበልጥ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ በ12 በመቶ ብር ያሰረ ሰው ወለዱን ቆጥሮም ከስሯል። በቆሎ ግን ሌላ ነው፤ ነቀዙ ከወለዱ ፈጥኖ ይሠራል። በርበሬም እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። የበቆሎና የበርበሬ ሰው ሸጦ ባንክ ቢገባ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ዕቁብ ወለድ የለውም። ብር እጁ ላይ የማይቆይለት ሰው ግን ከሁሉም በላይ ይጠቅመዋል። ወለድ የማይፈልግ ሰው ደግሞ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው፤ እዚያ ይጠይቅ።

ብዙ ብር ያለው ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ባንክ ቢወድቅ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ዋስትና የሚሰጠው በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 100,000 ብር ነው። 300,000 ብር ካለዎት ሦስት ባንክ ላይ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይቻላል።

ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ያስጽፉ፦ ወለዱ በየወሩ ነው ወይስ በመጨረሻ የሚከፈለው? ውሉ በመሀል ቢፈርስ ምን ይደርሳል? ቀኑ ሲያበቃ ብሩን ካላወጡ ውሉ በራሱ ይታደሳል ወይ? የመጨረሻው በተለይ ለገጠር ሰው ወሳኝ ነው። ቀኑ በገና ወይም በፋሲካ ግርግር ሲያልፍ ብሩ ሳያስቡት ለሌላ ዙር ሊታሰር ይችላል።