ያገለገለ ጀልባ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ለእኚህ ሰው አሳዩት

ጅማ ላይ ሦስት እግር በርጩማ የሚጠርብ ሞልቷል። የጀልባን ገበና የሚያውቅ ግን እኔ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። አጂፕ ሰፈር ውስጥ የውሃ ታንከርና የመኪና ፓራውልት የሚጠግኑ የፋይበር ግላስ ባለሙያ ናቸው። ወጣት ሳሉ ሐዋሳ ጀልባ ሲጠግኑ ኖረዋል። ስሜን አትጥራ ስላሉኝ እዚህ "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ ወንድም ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ አሳ ያሰግራል። ግድቡ በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነበር የታሰበው። ከኋላው የተኛው ውሃ ግን ለአካባቢው ወጣቶች ሌላ እንጀራም ሆነ፤ ቀረሶ አለ፣ አምባዛ አለ። ልጁ እስካሁን በእንጨት ጀልባ ሲሠራ ቆይቶ አሁን ሞተር የሚሸከም የፋይበር ጀልባ ፈለገ። ደላላ አንድ አገኘልን። "ብራዘር፣ ኦሪጅናል የአሜሪካ ነው፣ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም" አለን። ጀልባው ነጭ በነጭ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሰነዱ ግን በእጅ የተጻፈ አንድ የሽያጭ ውል ብቻ ነው።

ጋሼ ሲመጡ ቀለሙን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በቀጥታ ወደ ኋላው ሄዱ፤ ሞተሩ የሚታሰርበት ግድግዳ ጋ። በቀኝ በኩል ከላይኛው ጠርዝ ሥር በጣታቸው ዳበሱ። ከዚያ ባለቤቱን አስፈቅደው በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ አሹት። ከቀለሙ ሥር ፊደልና ቁጥር ብቅ አለ። አሥራ ሁለት ምልክት ነው።

ይሄን ቁጥር ብዙ ሰው አያውቀውም። አሜሪካ ውስጥ ከኅዳር 1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ የመዝናኛ ጀልባ ሁሉ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ከመኪና ሻንሲ ቁጥር ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የሠሪው መለያ ናቸው። ቀጥለው ያሉት አምስቱ የጀልባው ተራ ቁጥር ናቸው። የእኛ መጨረሻው "ጂ 6 97" ይላል። ጋሼ ወዲያው አነበቡት። ፊደሉ ወር ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ እስከ ኤል ይሄዳል። ስለዚህ ጂ ጁላይ ነው። 6 ዓመቱ ነው፣ 1996። 97 ደግሞ ለገበያ የቀረበበት ሞዴል ነው። "ልጄ፣ ይሄ ጀልባ ከአንተ ደላላ ሳይበልጥ አይቀርም" ሲሉ ደላላው ስልክ መጣልኝ ብሎ ዞር አለ።

ሠሪውንም አልተዉትም። ሦስቱን ፊደላት የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው ዝርዝር ላይ በስልኬ አስፈለጉኝ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ተማርኩ። አንድ ኩባንያ ሲዘጋ መለያው ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። የእኛም ፊደላት ሁለት ኩባንያ አመጡ። ዓመቱን ባናውቅ ኖሮ ጀልባችንን ላልሠራው ሰው እንሰጠው ነበር። ትክክለኛው ሠሪ ዛሬ የለም፤ ሥራ አቁሟል። ጋሼ በዚህ ብዙም አልተጨነቁም። ሠሪው እንዴት እንደወለደው ይነግረናል እንጂ እንዴት እንዳደገ አይነግረንም ባይ ናቸው።

እድገቱን ያወቁት በጆሯቸው ነው። ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ይዘው ከአፍንጫው እስከ ጭራው ስንዝር በስንዝር መቱት። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ፋይበሩ ከውስጥ የተላቀቀበት ወይም ውሃ የጠጣበት ግን የታፈነ ድምፅ ነው። ሆዱ ደህና ወጣ። የኋላው ግድግዳ ግን ሞተሩ በሚታሰርባቸው ብሎኖች ዙሪያ የታፈነ ድምፅ ሰጠ። ሞተሩን ከግርጌው ይዘው ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ግድግዳው አብሮ ተነፈሰ። እንደገና ባለቤቱን አስፈቅደው ከውስጥ በኩል በቀጭን መሰርሰሪያ በሱት። ደረቅ እንጨት ፈዛዛ ዱቄት ይሰጣል። የወጣው ግን ቡናማና እርጥብ ነበር። በፋይበሩ መሃል ያለው ኮምፔንሳቶ በስብሷል ማለት ነው።

ሞተሩን "የእኔ ሙያ አይደለም" ብለው ወደ ሌላ መካኒክ ላኩን። ይሄ ራሱ ያስመሰግናል። መካኒኩ የማርሽ ዘይቱን ሲያፈስ ማኪያቶ መስሎ ወረደ፤ ውሃ ገብቶበታል። ጎማ ማኅተሞቹ ተቀይረው አለቀ።

ዋጋው በደንብ ወርዶ ጀልባውን ገዛነው። እኔን ያስገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ግድግዳውን ይሥሩልን ብለን ጀልባውን በራቸው ላይ አቆምን፣ ብሩንም ይዘናል። ግንቦት ነበር። እሳቸው እምቢ አሉ። ጅማ ዝናቡን ታውቁታላችሁ፣ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ፋታ የለውም። እርጥብ እንጨት ላይ ሬዚን፣ ማለትም ፋይበሩን የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ አይዝም፤ ቢይዝም ይላቀቃል። የበሰበሰውን አውጥተው ክፍቱን ሸራ ሥር አደረቁት፤ ኅዳር ላይ አዲስ ኮምፔንሳቶ አስገብተው ዘጉት። ልጁ ክረምቱን በእንጨት ጀልባው ነው ያሳለፈው፣ ተነጫነጨ። ግን ቀድሞ ተሠርቶ ቢሆን ዘንድሮ ሌላ ሒሳብ እንከፍል ነበር።

ነቀፋም አለኝ። ስልክ አያነሱም። አርብ ከጁምዓ በፊት ደውላችሁ ብታገኟቸው እኔን ውሸታም በሉኝ። ወሬም ይወዳሉ፤ ለአንድ ሰዓት ሥራ ግማሽ ቀን ያዙ። ለምርመራ የሚያስከፍሉት ደግሞ ጀልባውን ብትገዙም ባትገዙም ያው ነው። አንዳንዱ ይሄን አይወድም። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ ግዛ በማለት የሚጨምርላቸው ነገር ስለሌለ ነው።

እዚሁ አገር የተሠራ ጀልባ ቢሆንም አሳዩዋቸው። ቁጥር አይኖረውም፣ ሠሪውን በሰው ነው የሚጠይቁት። ውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ ላይ የፋይበሩን ውፍረት ያያሉ። ጥጋጥጉን በባትሪ እያበሩ ሬዚን ያልደረሰው ነጭ ፋይበር ይፈልጋሉ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይሁን። ሻጩ "ቀለሙን አትንኩብኝ" ካለም ያንኑ ንገሯቸው፤ ለመምጣት እንኳ ላይነሱ ይችላሉ።